የዓሳ ሻጯ ለቅሶ

ባዩሽ መሞቷን የሰማችው ዓሳ እየፋቀች ነው።

የገና ፆም ገብቶ ገበያው ደርቷል። ሌላ ጊዜ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፋት የሰፈር ሰው ሁሉ ፆም ሲገባ «ባዩዬ የኔ ቆንጆ፣ ከትላልቆቹ አስቀሪልኝ» ማለት ይጀምራል። ዓሳ ፆም ያስገድፋል፣ አያስገድፍም እያለ እየተከራከረ ራሱ ይገዛታል። በዓሉ ደርሶ በግ የታረደ ቀን ግን ተመልሳ ዓሳ ሻጯ ነች። «ዓሳ ሻጯ፣ ውሃሽን ወዲያ ድፊ እንጂ፣ ሰፈሩን አገማሽው!» ለምዳዋለች። ከአዲሱ ገበያ አደባባይ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ዳር ሰማያዊ ሸራዋን ወጥራ፣ ሳፋዋን አስቀምጣ፣ ከዝዋይ የመጣውን ቆሮሶ ዓሳ ዓይንህ እያየ ፍቃ፣ ሆዱን ቀዳ፣ አለቅልቃ ትሰጥሃለች። አንድ ልጇን፣ አክሊልን፣ ያሳደገችው በዚሁ ነው። አባቱ በዳሳ ልጁ ዳዴ ሳይል ነው ውልቅ ያለው፤ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም።

ዓሳ አፋፋቅ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። ከራሱ ወደ ጭራው ከሄድክ ቢላው ይንሸራተታል፣ ቅርፊቱ ንቅንቅ አይልም። ጭራውን ጨምድደህ፣ ከጭራው ወደ ራሱ፣ አበቃቀሉን ተቃርነህ ነው የምትፍቀው። ያኔ ቅርፊቱ ሰርግ ላይ እንደሚበትኑት ብልጭልጭ ነገር ይዘንባል፤ ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ፣ አንገቷ ስር። ታጥባ ተኝታ እንኳን ጠዋት አንዷ የሆነ ቦታ ተለጥፋ ትገኛለች። አክሊል ተማሪ እያለ እንደዚች ያለችዋ ዩኒፎርሙ ኮሌታ ላይ ተለጥፋ አብራው ሄደች፣ በቃ ልጆቹ «ዓሳው» አሉት። ስሙ ጠፋ፣ «ዓሳው» ሆኖ ቀረ። እያለቀሰ መጥቶ «ሁለተኛ ትምህርት ቤት በር ላይ እንዳትቆሚ» አላት። አልቆመችም። ከዛ በኋላ መንገድ ማዶ ሆና ነበር ሲወጣ የምታየው። «የእናትህ ስራ ምንድነው ሲሉኝ ምን ልበል?» ሲላት ደግሞ «ዓሳ ሻጭ ናት በላ! ስራው ስም አለው» አለችው። እሱ ሄዶ «ነጋዴ ናት» አለ።

አሁን አክሊል ባንክ ነው የሚሰራው፣ ሱፍ ለባሽ ሆኗል። ቤት ተከራይቶ ከወጣ ቆየ። ጥር ላይ ሊያገባ ነው፣ ሰምሀል የምትባል ያላቸው ሰዎች ልጅ። ባዩሽ ልጅቷን በፎቶ እንጂ በአካል አይታት አታውቅም። «ሽማግሌ ልኬ እሺ ብለዋል። አንቺ በሰርጉ ቀን ትተዋወቂያቸዋለሽ፣ አሁን ቢዚ ናቸው» ብሏታል። እሷም አመነች። ሽሮ ሜዳ ወጥታ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ አሰፋች። ሌላ ምንም አትፈልግም፤ ያንን ቀሚስ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ልጇና ሙሽራይቱ በዛ ሁሉ ሰው ፊት ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሲስሟት ማየት ብቻ። ይቺን ካየች በኋላ ቢፈልግ ዳገቱም ሸራውም ገደል ይግባ።

አጠገቧ ድንች የምትሸጠው ደራርቱ ናት፣ አፏ የማያርፍ።

«የሙሽራው እናት!» አለቻት የዛን ቀን። «እጅሽን ከአሁኑ ካልዘፈዘፍሽው እኮ ጥር ይደርስብሻል።»

«ሎሚ ገዝቻለሁ።»

«ሎሚ? ላንቺ እጅ? አንቺማ የሎሚ ተክል ውስጥ ሄደሽ መክረም ነው ያለብሽ።»

እየሳቁ እያለ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ፣ ሞላ ያሉ ሴትዮ ወረዱ። ከኋላቸው አንድ ካርቶን ውሃ የታቀፉ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ሰውዬ ተከተሉ።

«አንቺ ዓሳ ሻጭ» አሉ ሴትዮዋ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «እዚህ አካባቢ ለቅሶ ቤት የት ጋ ነው?»

«ለቅሶ? እኛ ሰፈር?» ደራርቱ ቀደመች። «ጡሩምባ እንኳን አልተነፋ! የማን ለቅሶ?»

«የአክሊል በዳሳ እናት። ባንክ የሚሰራው ልጅ። ለልጃችን የእናቴ ቤት እዚህ ዳገቱ ጋ ነው ብሏታል።»

የባዩሽ ቢላ ቆመ። ጭራውን እንደጨመደደች ቀና አለች።

«ወይ ጉድ!» አለች ደራርቱ። «የአክሊል እናት እኮ ይቺ...»

ባዩሽ በቦቲ ጫማዋ የደራርቱን እግር ረገጠቻት። በደንብ ነው የረገጠቻት፣ ደራርቱ ቃሏን ዋጠች።

«አውቃታለሁ» አለች ባዩሽ። «ቤቷን አሳያችኋለሁ። ቁልፉም እኔ ጋ ነው።»

ለምን እንደዛ እንዳለች አትጠይቁኝ። ምናልባት ሌላ አክሊል ይሆናል ብላ ይሆናል። የሰው ልብ እኮ ሞኝ ነው፣ እስከ መጨረሻው «ሌላ ይሆናል» ይላል። እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ቀድማ ወደ ቅያሱ ገባች።

መንገድ ላይ መጠየቅ እንኳን አላስፈለጋትም። ሴትዮዋ፣ ወይዘሮ ይርጋለም፣ ራሳቸው ያወራሉ።

«በህይወት እያለች አላየናት እኮ! ልጁ ሁሌ ‹ፀበል ናት፣ እንጦጦ ፀበል ገብታለች› ነው የሚለን። ሽማግሌ ሲልክ እኔ እናትየውን ሳላይ ልጄን አልሰጥም አልኩ። ያኔ ምን ቢል ጥሩ ነው? ድንገት አለቀሰ። ‹አርፋለች› አለ። ‹አገር ቤት፣ ሰላሌ ቀብረናት መጣን፣ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ፣ ለቅሶም አትምጡ› አለ። እንዴ! ልጅ ሰጥተን ለቅሶ ሳንደርስ ልንቀር? ነውር አይደለም እንዴ ቶሎሳ?»

«ነውር ነው» አሉ ሰውዬው ከካርቶኑ ኋላ።

«እሱንም ሳንነግረው ነው የመጣነው። መምህርት ነበረች አሉ። መምህርት የነበረች ሴት እዚህ ጭቃ ውስጥ! ይሄ የዓሳ ሽታ ደግሞ... ውይ፣ ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን አይደለም።»

«ግድ የለም» አለች ባዩሽ። «እኔው ነኝ የምሸተው።»

መምህርት። ስታስበው ሳቅ ሳቅ አላት። ገድሏትም አላበቃ፣ ሬሳዋን አልብሶ፣ ስራዋን ቀይሮ ነው የቀበራት።

የቀበሌ ቤት ናት፣ አንድ ክፍል። «አንዴ ቆዩኝ ላስተካክል» ብላ ቀድማ ገባችና ግድግዳው ላይ ያለውን የአክሊልን የምርቃት ፎቶ አወረደች። ፎቶው ላይ እሷም አለች፣ ጥግ ላይ፣ በተውሶ ሻሽ። ፍራሹ ስር ከተተችው። ቀሚሱን ግን ረሳችው። ጠዋት የናፍታሊኑ ሽታ እንዲወጣለት ብላ ከሻንጣ አውጥታ ምስማር ላይ ሰቅላው ነበር።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ነፍሷን በገነት ያኑርልን» አሉ አቶ ቶሎሳ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ወይዘሮ ይርጋለም ለወጉ ትንሽ አለቀሱ፣ ከዛ ዓይናቸው ቀሚሱ ላይ አረፈ።

«የሷ ነው?»

«የሷ ነው። ለልጇ ሰርግ ያሰፋችው።»

አሁን የምር አለቀሱ። ተነስተው ጥልፉን ዳበሱት፣ ጨርቁን በጣቶቻቸው መሀል አሹት፣ ጥሩ ጨርቅ ነው። «ውይ እናቴን! ሳትለብሰው! በቃ የሙት ልብስ አይቀመጥም፣ ለደሃ ነው የሚሰጠው። እንደውም አንቺው ውሰጂው። ቁልፉም አንቺ ጋ ነው፣ አስታመሻትም ይሆናል።» ከምስማሩ አውርደው ክንዷ ላይ አደረጉላት። «ግን አደራ፣ ዓሳ ላይ እንዳትለብሺው። የሰው ልፋት ነው።»

«እሺ» አለች ባዩሽ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

የገዛ ቀሚሷን ተመፅውታ፣ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ መሀል ቤት ቆማለች እንግዲህ።

ያኔ ነው ውጪ የሩጫ ድምፅ የተሰማው። ሰምሀል ደውላ «እነማዬ ለቅሶ ሊደርሱህ ሰፈርህ ሄደዋል» ብላው ኖሯል፣ አክሊል ከስራ ብን ብሎ ነው የመጣው። በሩ ላይ ክራቫቱ ተጣሞ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ተገተረ። ፀጉሩን ለሰርጉ ብሎ ሲያሳድገው ከርሞ ጎን ጎኑን ተቆርጦ፣ ከላይ በቅባት አስተኝቶታል፣ ያምርበታል። ከኋላው ደራርቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ድንቿን ጥላ እንደመጣች አስቡት።

እናትና ልጅ ተያዩ።

ባዩሽ በሆዷ ተሳለች። እመቤቴ ማርያም፣ አሁን «እናቴ ናት» ይበል፤ ይቺን አንድ ቃል ይበል፤ እኔው እግራቸው ስር ወድቄ ይቅርታ እለምንለታለሁ፤ ልጅነት ነው፣ ፍርሃት ነው ብዬ አስታርቀዋለሁ፤ ቢፈልግ ሰርጉ ላይ ከጀርባ እቀመጥለታለሁ። በዓይኗ ነገረችው። የይቅርታውን በር ክፍት አድርጋ ጠበቀችው።

«ና ልጄ፣ ና ግባ» አሉ ወይዘሮ ይርጋለም። «እንዳትቆጣን፣ አላስችል ብሎን ነው የመጣነው። ይቺ ሴትዮ ባትኖር ቤቱንም አናገኘው። ዘመድ ናት?»

አክሊል አማቶቹን አየ። ቀሚሱን አየ። እናቱን አላየም።

«አይ... ጎረቤት ናቸው» አለ። ከዛ ያልተጠየቀውን ጨመረ። «ዓሳ ሻጭ ናቸው።»

ያ ልጅ እንግዲህ በህይወቱ ሙሉ ያንን ቃል አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም። ሰው ፊት «ነጋዴ» ይላል፣ «የምግብ አቅርቦት» ይላል፣ ዝም ይላል። ዛሬ አወጣው። አውጥቶም ጎረቤቱ ላይ ለጠፈው፣ «ናቸው» እያለ፣ እንደ ባዳ እያከበራት።

ደራርቱ በሩ ላይ «ኡፍፍ» አለች።

ባዩሽ ቀሚሱን ቀስ አድርጋ አጠፈችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ስትዞር ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዓሳ ልትፍቅ ስትቀመጥ ያላት ፊት ነው።

«አዎ ዓሳ ሻጭ ነኝ» አለች። «እናቱን ከማንም በላይ የማውቃት ግን እኔ ነኝ። እንዴት እንዳሳደገችውም አይቻለሁ። እና አንድ ነገር ልናገር፣ ካላስቀየምኳችሁ።»

«ተናገሪ» አሉ አቶ ቶሎሳ።

«ይሄ ልጅ እናቱ ሞታ ፀጉሩ ምን ይሰራል?»

ወይዘሮ ይርጋለም ወደ አክሊል ራስ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት፣ ቅባቱን፣ አቆራረጡን። ፊታቸው ተለወጠ።

«እውነቷን እኮ ነው! አክሊል፣ ምነው ልጄ? የእናት ሞት ነው እኮ! ጥቁር እንኳን አልለበስክም?»

«ያው... ስራ ቦታ... አይፈቅዱም» አለ አክሊል።

«ማነው ለእናትህ አትላጭ የሚልህ?» አቶ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አስቀመጡ። «እኔ እናቴ የሞተች ጊዜ ዓመት ሙሉ ምላጭ ከራሴ አልተለየም። ለእናቱ ያልተላጨ ነገ ለሚስቱ ምን ይሆናል?»

«እኔ እላጨዋለሁ» አለች ባዩሽ። «እጄ ለምላጭ ሩቅ አይደለም። ደራርቱ፣ ከሱቅ አንድ ምላጭ አምጪልኝ።»

ደራርቱ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዛ ሄደች። ተመልሳ ምላጩን ስትሰጣት «ባዩሽ፣ ተይ ይቅር» አለቻት በሹክሹክታ። ባዩሽ አልሰማችም።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓሳ ስትፍቅ የምትቀመጥባትን ዱካ በእግሯ ሳብ አድርጋ ፊቷ አስጠጋች። «ና» አለችው።

ምን ያድርግ? ቢሄድ ያልቃል፣ ቢናገር ያልቃል። ኮቱን አውልቆ መጣና ዱካዋ ላይ ተቀመጠ፣ ራሱን ጎንበስ አድርጎ ጉልበቷ ላይ አደረገው። ስንት ጊዜ አልማዋለች ያንን ጉልበት! ሰው ሁሉ እያየ፣ አማቶቹ እያዩ፣ ልጇ ጎንበስ ብሎ። ይኸው ጎነበሰ።

ውሃ በእጇ አፍሳ ራሱን አራሰችው። ጣቶቿ ቅባቱን እየናዱ ገቡ። የዓሳው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ፣ ትከሻው ሲሸማቀቅ አየችው። ማጅራቱን በግራ እጇ ጨምድዳ ያዘች። ከማጅራቱ ወደ ግንባሩ፣ አበቃቀሉን ተቃርና ጀመረች።

«አትነቃነቅ። ይቆርጥሃል።»

ክርር፣ ክርር ይላል ምላጩ። ያ ሁሉ ቄንጥ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ጭቃው ወለል ላይ ወደቀ። ጆሮው አጠገብ ትንሽ ደም ብቅ አለ፣ በአውራ ጣቷ ጠረገችው፣ ቀጠለች። አክሊል ማልቀስ ጀመረ። እንባው በስራ ልብሷ አልፎ ጉልበቷን ሲነካት ሞቃት ነበር።

«አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ» አሉ ወይዘሮ ይርጋለም፣ እሳቸውም እየተነፋረቁ።

«እማ» አለ እሷ ብቻ እንድትሰማው፣ ከጉልበቷ ላይ። «እማ፣ በናትሽ።»

«እናትህን አትጥራት» አለችው ቀስ ብላ። «ሙት ሲጠሩት አያርፍም።»

ራሱ ተመልጦ አለቀ፣ የተፋቀ ዓሳ መሰለ። ተነስታ የራሷ እናት የሞተች ጊዜ የለበሰችውን ጥቁር ነጠላ አወጣችና ትከሻው ላይ ጣለችለት።

«አሁን የእናቱ ልጅ መሰለ» አሉ አቶ ቶሎሳ።

«ታዲያ ሰርጉስ?» አለች ባዩሽ፣ ምላጩን እያለቀለቀች። ዝም ብላ የጠየቀች ነው የምትመስለው። «ጥር ነው ሲባል የሰማሁ መሰለኝ።»

«የምን ጥር?» ወይዘሮ ይርጋለም ደነገጡ። «ልጆቹ ሲቸኩሉ እሺ አልን እንጂ፣ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ከበሮ ሊመታ? እኛ ይሉኝታ የለንም እንዴ?»

«አዳራሹ እኮ ተይዟል» አለ አክሊል። ድምፁ ቀጥኗል። «ሰምሀልም ለትምህርት ውጪ ልትሄድ ነው፣ አሁን ካልሆነ...»

«ትሂዳ! ትማር፣ ትመለስ። ዓመት ምን አላት? እናት የሞተችበት ልጅ ለሰርግ ሲጣደፍ መቼም አይቼ አላውቅም!» ሴትዮዋ ከማዘን ይልቅ የተቀየሙ መሰሉ። «እንዲያውም እናስብበታለን። ቶሎሳ፣ እናስብበታለን አይደል?»

«እናስብበታለን» አሉ አቶ ቶሎሳ።

አክሊል አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ እናቱን አያት። አፉን ከፈተ። አሁንም በሩ ክፍት ነበር እኮ። ግን «አሁን ሞታለች ያልኳት ይቺ ናት» ማለት ፀጉሩ ሳይላጭ ከነበረው ይልቅ አሁን ከበደው። አፉን ዘጋ።

መኪናዋ ድረስ ሸኘቻቸው። ወይዘሮ ይርጋለም ጉንጯን ሊስሟት ጠጋ ብለው፣ ሽታው ሲመታቸው ተመልሰው እጇን ጨበጧት፣ የጣታቸውን ጫፍ ብቻ። አክሊል ከኋላ ወንበር ገባ። ጥቁሩን ነጠላ እስከ ጆሮው ስቦታል፣ መላጣው በመስኮቱ ያብረቀርቃል። መኪናዋ ወደ አደባባዩ ቁልቁል ስትወርድ አልዞረም።

ባዩሽ ወደ ቤት ተመለሰች። ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ጠርጋ፣ ጠዋት ካጠራቀመችው ቅርፊትና አንጀት ጋር ቀላቅላ ደፋችው። የስራ ልብሷን አወለቀች። ነጩን ቀሚስ ለበሰችው፣ ልክክ ነው ያለው፣ ልብስ ሰፊው ጎበዝ ነበር። ቦቲ ጫማዋን ከስሩ አጠለቀች። ወጥታ ሳፋዋ ኋላ ተቀመጠች።

ፆመኛው ከስራ የሚወጣበት ሰዓት ደርሶ ደንበኛው መሰለፍ ጀምሯል። ደራርቱ ድንቿን ትለቅማለች፣ ቀና አትልም። ለዛሬ ቀልድ አልቆባታል።

«ኧረ ባዩዬ!» አለ አንዱ ከሰልፉ። «ዘንጠሻል! የምን ድግስ ነው? ልጅሽን ዳርሽ እንዴ?»

«የሟች ልብስ ነው» አለች። «ተመፅውቼ ነው።»

ሰውዬው «ነፍስ ይማር» አለ።

«ይማር። የትኛውን ልፋቅልህ?»

ትልቁን አሳያት። ጭራውን ጨምድዳ ያዘችና ቢላዋን ወደ ራሱ ሰደደችው። ቅርፊቱ አረንጓዴው ጥልፍ ላይ ዘነበ።